ከጣት ጫፍ የሚወሰድ አንድ ጠብታ፦ ኮአጉቼክ ኤክስኤስን ለሦስት ዓመት በቤታችን ስንጠቀም ያየነው

እናቴ የልብ ቫልቭ ከተቀየረላት ሰባት ዓመት ሆኗታል። በልጅነቷ ደጋግሞ ያመማት ቶንሲል በወቅቱ ባለመታከሙ የልቧን የግራ በኩል በር፣ ማለትም ማይትራል ቫልቩን፣ ቀስ በቀስ አበላሽቶት ስለነበር በምትኩ ከካርቦን የተሠራ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶላታል። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አጠገቧ የተኛ ሰው የቫልቩን ጠቅታ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሰማዋል፤ እኛም ከለመድነው ቆይተናል፣ እንዲያውም ድምፁ ጥርት ብሎ ሲሰማን እፎይ እንላለን። ቫልቩ ዕድሜዋን አራዝሞላታል፤ በዚያው ልክ ግን ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልኳን እንድትወስድና የደሟን የመርጋት ፍጥነት ሳታቋርጥ እንድታስለካ ግድ ሆኖባታል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ይህንን ልኬት ከላቦራቶሪ ወደ ቤታችን ስላመጣልን ኮአጉቼክ ኤክስኤስ ስለሚባል በእጅ የሚያዝ ማሽን ነው። የሮሽ ኩባንያ ምርት ሲሆን፣ የላከችልን ጀርመን የምትኖረው እህቴ ናት።

ማሽኑ ምን እንደሚለካ ለመረዳት ደም እንዴት እንደሚረጋ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ራሴ ያለዚህ እውቀት በተጠቀምኩባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የመጡት ካለማወቅ ነበር። በቋንቋችን ወተትም ደምም «ይረጋል» እንላለን፣ ንጽጽሩም ከሞላ ጎደል ትክክል ነው፤ ወተት ሲረጋ በውስጡ ተበትኖ የነበረው ፕሮቲን ተያይዞ እርጎ እንደሚሆን ሁሉ፣ ደምም ሲረጋ በውስጡ ሟሙቶ የሚዘዋወር ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ፋይብሪን ወደሚባል ክር ይለወጥና መረብ ይሠራል። ልዩነቱ ወተት በሰዓታት የሚረጋውን ያህል ደም ጊዜ የሌለው መሆኑ ነው። ቢላ ጣት ሲቆርጥ የተቆረጠው የደም ሥር ወዲያው ይኮማተራል፤ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚቆጠሩት ፕላትሌቶች፣ በአማርኛ የደም አርጊ ሕዋሳት የሚባሉት፣ ቮን ዊሌብራንድ በተባለ ፕሮቲን አማካይነት በተጋለጠው የሥሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከዚያም ቅርጻቸውን ለውጠው እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍኑታል። ይህ ድፍን ግን ልል ነው፤ የሚያጸናው የፋይብሪን መረብ ነው።

መረቡ የሚሠራበት መንገድ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ የሚሄድ ሰንሰለት ነው። በዋናነት ከደም ሥር ውጭ ባሉ ሕዋሳት ላይ የሚገኘው ቲሹ ፋክተር የተባለ ፕሮቲን ደም ሲነካው በቁጥር ከሚጠሩት የመርጊያ ፕሮቲኖች ሰባተኛውን ያነቃል፤ ሁለቱ በአንድነት አሥረኛውን ያነቃሉ፤ አሥረኛውም ከአምስተኛው ጋር ተጣምሮ ፕሮትሮምቢንን ወደ ትሮምቢን ይለውጣል፤ ፋይብሪኖጅንን ቆርጦ ክር የሚያደርገው ይኸው ትሮምቢን ነው። በመጨረሻ አሥራ ሦስተኛው ክሮቹን እርስ በርሳቸው ያስራቸዋል። አንዱ ነቅቶ ብዙዎችን ስለሚያነቃ ከትንሽ መነሻ ብዙ ትሮምቢን በአጭር ጊዜ ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ፍጥነት ቁስል ላይ በረከት ነው፤ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ሲሆን ግን አደጋ ነው፣ ምክንያቱም ደም የራሱ ያልሆነ ገጽታ ሲነካና በቫልቩ ማጠፊያ ዙሪያ ሲዘገይ ይኸው ሰንሰለት ያለ ቁስል ሊነሳ ይችላል። እዚያ የረጋ ደም ቫልቩን ሊያጣብቀው፣ ወይም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

ዋርፋሪን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰዉ «ደም ማቅጠኛ» ይለዋል፣ እኛም እንደዚያው እንጠራዋለን፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ደምን አያቀጥንም። ጉበታችን ሁለተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን የመርጊያ ፕሮቲኖች በትክክል ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ ዋርፋሪን የሚያደርገው ጉበት ይህን ቫይታሚን መልሶ እንዳይጠቀምበት መከልከል ነው። የታሪኩ መነሻ በሰሜን አሜሪካ በ1920ዎቹ የሻገተ የክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ያለማቋረጥ እየደሙ መሞታቸው ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩንና በወተት ማመላለሻ ዕቃ የሞላውን አልረጋ ያለ ደም ጭኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ እየነዳ ካርል ፖል ሊንክ ወደተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ቤተ ሙከራ ደረሰ። ከዚያ የተጀመረው ምርምር በ1948 የአይጥ መርዝ፣ በ1954 ደግሞ ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት ሆነ። ያን የወተት ዕቃ ባሰብኩ ቁጥር ለእናቴ የመድኃኒቱን ልክ ስቆርጥ እጄን እጠነቀቃለሁ፤ ግማሽ ፍሬና አንድ ፍሬ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለምና።

የመርጋት ፍጥነት የሚገለጽበት ቁጥር አይኤንአር ይባላል። በላቦራቶሪ ሲለካ ደሙ ከክንድ ይቀዳና ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይገባል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ሲትሬት በደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዘው ደሙ እስከሚለካ ድረስ ሳይረጋ ይቆያል። ቱቦው እስከ ምልክቱ ድረስ ካልሞላ የሲትሬቱና የደሙ መጠን ስለሚዛባ ውጤቱ ይበላሻል። ባለሙያው ቲሹ ፋክተር ያለበትን ማቀስቀሻና ካልሲየም ጨምሮ እስኪረጋ ድረስ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ይቆጥራል። የየላቦራቶሪው ማቀስቀሻ ጥንካሬ ስለሚለያይ ሴኮንዱን ብቻ ማወዳደር አይቻልም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1983 እ.ኤ.አ. አይኤንአርን የተቀበለው በየትም አገር የተለካ ደም በአንድ ሚዛን እንዲነበብ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ደሙ ለመርጋት ይዘገያል ማለት ነው። ዋርፋሪን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ወደ 1 ገደማ ይሆናል፤ እናቴ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ እንድትቆይ ሐኪሟ አዝዘዋል።

ማሽኑን ከማግኘታችን በፊት ይህ ቁጥር የሚነግረን በወር አንድ ጊዜ ነበር። ጠዋት ወጥተን እስከ ቀትር በሰልፍ እንቆያለን፣ ውጤቱ በማግስቱ ይደርሳል፣ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ባሉት አራት ሳምንታት ምን እንደነበረ የሚያውቅ ግን አልነበረም። አንድ ጊዜ በሄድንበት የጤና ተቋም ማቀስቀሻው አልቋል ተብለን ሁለት ወር ሳትለካ ቆየች። በእነዚያ ሁለት ወራት ሌሊት ተነስቼ በሩ ላይ ቆሜ የቫልቩን ጠቅታ አዳምጥ ነበር።

ኮአጉቼክ ኤክስኤስ በመዳፍ ውስጥ ይገባል፣ በአራት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፣ እስከ 300 ውጤት ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስቀምጣል። ደሙ የሚነካበት ስስ ቁራጭ ስትሪፕ ይባላል፤ ከእያንዳንዱ የስትሪፕ ፓኬት ጋር የሚመጣ ትንሽ ቺፕ በማሽኑ ጎን ይሰካል፤ የቺፑና የስትሪፑ ቁጥር የግድ መመሳሰል አለበት። ስትሪፑ ሲገባ ማሽኑ ያሞቀውና የጠብታ ምልክት እያብለጨለጨ 180 ሴኮንድ መቁጠር ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ ጣት ተወግቶ 8 ማይክሮሊትር ያህል፣ ማለትም የምስር ፍሬ የማታክል ጠብታ፣ በስትሪፑ ጠርዝ ላይ ይነካል። በስትሪፑ ውስጥ ያለው ማቀስቀሻ ከላይ የተረኩትን ሰንሰለት ያስነሳል፤ የተፈጠረው ትሮምቢን ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ንጥረ ነገር ሲቆርጥ የኤሌክትሪክ ምልክት ይወጣል፣ ማሽኑም ያ ምልክት እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ወደ አይኤንአር ይለውጠዋል። ፋይብሪን እስኪታይ አይጠብቅም፤ ትሮምቢኑን ራሱን ነው የሚይዘው። ሁሉም አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ስትሪፕ በእርጥበት ወይም በሙቀት ተበላሽቶ እንደሆነ ማሽኑ ራሱ ፈትሾ፣ ተበላሽቶ ካገኘው ውጤት አይሰጥም። ለእኔ የማሽኑ ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ከመናገር ዝም ማለትን ይመርጣል።

መለካት ግን ሙያ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ክረምት፣ በሐምሌ ማለዳ፣ የእናቴ ጣቶች እንደ በረዶ ቀዝቅዘው ደም አልወጣ ሲላቸው ጣቷን እንደ ጡት እያለብኩ እጨምቅ ነበር። ጣት በኃይል ሲጨመቅ ግን ከደሙ ጋር በቲሹ ፋክተር የተሞላ የሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ይወጣል፣ ሰንሰለቱም ስትሪፑ ላይ ከመድረሱ በፊት ይነሳል። ጠብታው ከተወጋ በ15 ሴኮንድ ውስጥ መነካት ያለበትም፣ ሁለተኛ ጠብታ መጨመር የማይፈቀደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጣቱ በተወጋባት ቅጽበት ደሙ መርጋት ጀምሯል። አሁን እጇን ለብ ባለ ውኃ ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ፣ ክንዷን ወደ ታች ለአንድ ደቂቃ ታንጠለጥላለች፤ የምወጋውም መሐሉን ሳይሆን የቀለበት ጣቷን ጫፍ ጎን ነው። ጠብታው ያለ ጭመቃ ተንከባሎ ይወጣል። «ልጄ፣ ዛሬስ አላመመኝም» ስትለኝ በትክክል እንደሠራሁ አውቃለሁ። ማሽኑ ራሱም ብርድ አይወድም፤ የሚሠራው ከ18 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው የቤት ሙቀት ስለሆነ በክረምት ማለዳ የቴርሞሜትር ምልክት አሳይቶ እምቢ ብሎን ያውቃል። ስለዚህ በክረምት የምንለካው ከቀትር በኋላ ነው። ስትሪፖቹ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ስለሚቀመጡ ለአዲስ አበባ አያስቸግሩም፤ አፋር ወይም ጋምቤላ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ማቀዝቀዣ ማሰብ ያስፈልጋል።

ስለ ትክክለኛነቱ ሰው ደጋግሞ ይጠይቀኛል። በየሦስት ወሩ በአንድ ቀን በማሽኑም በላቦራቶሪም እናስለካታለን፤ ቁጥሮቹ በሚፈለገው መጠን ውስጥ ሲሆኑ የነበራቸው ልዩነት በአብዛኛው ከ0.3 አልዘለለም። ቁጥሩ ከ4.5 በላይ ሲወጣ ግን እንዲህ ያሉ ማሽኖች ከላቦራቶሪው ይበልጥ ይራራቃሉ፣ ስለዚህ ከፍተኛ ቁጥር ሲያሳይ ከክንድ በተቀዳ ደም ማረጋገጥ የግድ ነው። ገዢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የታወቀ ጉዳይም አለ፤ በኖቬምበር 2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የኮአጉቼክ ስትሪፕ ፓኬቶች ከገበያ እንዲሰበሰቡ መደረጉን ያስታወቀው፣ ኩባንያው የመለኪያ መነሻውን በቀየረበት ጊዜ የተሠሩት ስትሪፖች ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጡ ስለነበር ነው። ችግሩ በወቅቱ ታርሟል፤ ሆኖም ከጓደኛ ሻንጣ የመጣ አሮጌ ፓኬት ላይ የማብቂያውን ቀን ሳያዩ መጠቀም እንደማይገባ ያስታውሰናል። ከዚህ በተጨማሪ ከባድ ደም ማነስ ላለበትና አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የተባለው ሕመም ላለበት ሰው የማሽኑ ውጤት አያስተማምንም፤ እንዲህ ያለ ታካሚ ከላቦራቶሪ መለየት የለበትም።

ማሽኑ ያስተማረን ትልቁ ነገር በዐቢይ ጾም የመጣ ነው። እናቴ ጿሚ ናት፤ በሁዳዴ ከምሳዋ ጎመን አይጠፋም። ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ እጅግ የበለጸገ ስለሆነ ዋርፋሪን የዘጋውን በር በሌላ በኩል ይከፍተዋል። በየሳምንቱ ቅዳሜ መለካት በጀመርንበት የመጀመሪያው ዓመት ጾሙ ሲገባ 2.9 የነበረው በሁለተኛው ሳምንት 2.4፣ በሦስተኛው 1.9 ሆነ። ለሐኪሟ ደውዬ ልኩ ትንሽ ጨመረ፤ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮውና ሥጋው ሲተካ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 3.9 ወጣ። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ሳስበው ቀዝቃዛ ላብ ያሰምጠኛል፤ በወር አንዴ እየለካን ባሳለፍናቸው ዓመታትም ይኸው ነገር ይደርስ ነበር፣ የሚያየው ግን አልነበረም። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን ያገኘነው መፍትሔ ጎመንን መከልከል አልነበረም። እናቴ አሁን ጾምም ፍስክም ሲሆን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጭልፋ ልክ ጎመን ትበላለች፤ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ተስተካክሏል። ያለፉት ሁለት ጾሞች ከመጠኗ ሳትወጣ አልፈዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ይበልጥ አስደንጋጭ ነበር። እናቴ ሆዷን ሲያማት «አሜባ ነው» ተብላ ሜትሮኒዳዞል ተሰጣት፤ የሰጧት ሰዎች ምን ሌላ መድኃኒት እንደምትወስድ አልጠየቋትም፣ እሷም አልነገረቻቸውም። ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚያዘገይ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። በአምስተኛው ቀን ጥርሷን ስትፋቅ ድዷ ደማ። ቅዳሜ አልነበረም፣ ቢሆንም ለካኋት፤ ማሽኑ 5.8 አለ። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት፣ ከክንዷ የተቀዳው ደም ላቦራቶሪ ውስጥ 5.2 ሆነ፤ ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ለሁለት ቀን አቁመው በቅርብ ተከታተሏት። «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም መድኃኒት ሲሰጥዎት ዋርፋሪን እወስዳለሁ ብለው አስቀድመው ይናገሩ» አሏት፤ እኛም ይህንኑ በወረቀት ጽፈን ነጠላዋን በምታስቀምጥበት ቦርሳ ውስጥ አኖርነው። ኮትራይሞክሳዞልም እንደዚሁ ቁጥሩን ያወጣል፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያወርደዋል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደግሞ ቁጥሩን ባይነኩትም እንኳ ፕላትሌቶችንና ጨጓራን ስለሚጎዱ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ፤ ይህን ማሽኑ አያይም። የሚለካው የሰንሰለቱን አንድ ክፍል ብቻ ነውና ጥሩ ቁጥር አይቶ ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን መዋጥ ስሕተት ነው።

ሰዎች «አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች መለካት አያስፈልጋቸውም እየተባለ ለምን ትደክማላችሁ?» ይሉናል። ለብዙ ሌሎች ሕመሞች እውነት ነው፤ ሰው ሠራሽ የካርቦን ቫልቭ ላለው ሰው ግን አይደለም። ከአዲሶቹ አንዱ የሆነው ዳቢጋትራን በእንዲህ ያሉ ታካሚዎች ላይ ሲሞከር ከዋርፋሪን ይልቅ ደም የረጋባቸውም የደሙትም በመብዛታቸው ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ፣ ውጤቱም በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስለዚህ ለእናቴ ዋርፋሪንም፣ ልኬቱም ይቀጥላል።

የማሽኑ እውነተኛ ችግር ስትሪፑ ነው። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ 24 ወይም 48 የሚይዘው የስትሪፕ ፓኬት ግን ያልቃል፣ አገር ውስጥም እንደ ስኳር መለኪያው ስትሪፕ በየፋርማሲው አይገኝም። እኛ የምንኖረው እህቴ በምትልከው ነው፣ አንድ የተበላሸ ስትሪፕም ቤተሰቡን ያሳዝናል። ከውጭ የሚልክለት ዘመድ ወይም አስተማማኝ አቅራቢ የሌለው ሰው ማሽኑን ገዝቶ በሦስተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ ከሚያስቀምጠው ገንዘቡን ለመደበኛ የላቦራቶሪ ክትትል ቢያውለው እመርጣለሁ። ስልክ የሚያነሳ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የሌለውም እንዲሁ፤ ቁጥሩን አይተው ልክ በራሳቸው የሚቀይሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ዋርፋሪን ግን ዛሬ የተቀየረው ልክ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተሠራው ሰባተኛው ፕሮቲን በሰዓታት ውስጥ ሲያልቅ ሁለተኛው ቀናት ስለሚቆይ፣ በየቀኑ እየለኩ በየቀኑ መቀየር ቁጥሩን ያወዛውዘዋል። ስትሪፕ፣ ሐኪምና የሠለጠነ እጅ ሦስቱም ላሉት የቫልቭ ታካሚ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ከአምስት አራት ተኩል ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩትም በስትሪፑ ምክንያት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ 2.8 ነበረች። በደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የወሰደችውን ፍሬና በሳምንቱ የበላችውን የጎመን ጭልፋ ጻፍኩ፤ በፓኬቱ ውስጥ አሥራ አንድ ስትሪፕ ቀርቷል፣ ቀጣዩም ከእህቴ ጋር ለገና ይመጣል።